የማክሰኞ እንቅልፍ

ነጅዕ ሸራቂ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

ለተከበርሽው የአጎቴ ልጅ፣ ለኢንሳፍ

የአላህ ሰላም በአንቺ ላይ ይሁን። ረመዳን ከሪም። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በሙሉ ጤና፣ በጾም ብርታት፣ በደግ አሠሪ ሥር ያግኝሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አባቴን ጉልበቱ ያመዋል፤ ምላሱን ግን አንድ ቀንም አሞት አያውቅም፣ አንቺንም ሰላም ብሎሻል። አማትሽ ሐጃ ወሂባ እንደ ድንጋይ ጠንክራለች። የሟቹ ባልሽ ወንድም ኸለፍም የሸንኮራው ወቅት ስለደረሰ ቀኑን ከሌሊቱ አይለየውም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽና አትደንግጪ። ልጅሽ ዲያብ እግሩን ተቃጥሏል። ኸለፍ ጥቁር ማር በሚያፈላበት ዳስ ውስጥ ሲሯሯጥ ጭልፋ ከያዘ ሠራተኛ ጋር ተጋጨና የፈላው ማር ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወረደበት። የሸንኮራ ማር እንደ ውኃ ፈስሶ አይሄድም፣ ሥጋ ላይ ተጣብቆ ይቀቅላል። ለሕይወቱ አያሰጋም፤ እኔው ራሴ ነኝ ያየሁት። ነገር ግን በየሳምንቱ ማክሰኞ እኛ ሆስፒታል እየመጣ ፋሻው መላቀቅ፣ ቁስሉ መታጠብና መፋቅ አለበት። ሥራው ትንሽ ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ለአምስት ዓመት ልጅ ሩብ ሰዓት ስንት እንደሆነ ደግሞ አንቺም የልጆች ነርስ ነሽና ታውቂዋለሽ።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ የማስተርስ ጽሑፌ ነገር አለ። እዚህ አገር ጽሑፍ ያላቀረበ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ይቀራል። የኔ ርዕስ ሕፃናት ናቸው። ስፌት፣ ፋሻ መቀየር፣ የጀርባ መርፌ፣ እንዲህ ያለ ትንንሽ ሥራ ሲሠራባቸው በምን ብናስተኛቸው ይሻላል? በሚጠጣው በአሮጌው ሽሮፕ ወይስ አፍንጫ ውስጥ በሚንጠባጠበው በአዲሱ ሚዳዞላም? ሽሮፑ እዚህ እንደ ጉድጓድ ውኃ ነው። ሚዳዞላሙ ግን ሲገኝም ለትልልቆቹ ቀዶ ሕክምና ነው የሚሄደው፤ እንደኔ ያለ ተማሪ ከሩቅ ያየዋል። ከዋርዳችሁ ሁለት ሳጥን ብትልኪልኝ የስንቱን ሕፃን ለቅሶ እንደምታብሺ አስቢው። ከነዚያ አንዱ ደግሞ ያንቺው ነው። ልጅሽ ልጄ ማለት ነው።

የአጎትሽ ልጅ፣ ዶክተር ሰብሪ

ኩዌት፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1997

ለአጎቴ ልጅ ለዶክተር ሰብሪ

በአንተም ላይ ሰላም ይሁን። የአጎቴን ጉልበት አላህ ያሽረው፣ ምላሳቸውንም ያቆይልን። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ አልታዘዘኝም።

ደብዳቤህን ዋርድ ውስጥ ቆሜ አነበብኩትና ከዚያ ወዲያ የማንን ልጅ ፋሻ እንደምፈታ አላወቅኩም። ልጄን እዚያ የተውኩት እናትም አባትም የሌለው እንዲመስል አይደለም። ሐምዳን በሥራ ላይ ከሕንፃ ወድቆ ሲሞትብኝ ልጁን በምን እንደማሳድግ ስለጠፋኝ ነው የሄድኩት። የአምስት ዓመት ልጅ የፈላ ድስት አጠገብ ምን ይሠራል? ይህን ለኸለፍ ንገርልኝ፣ ቃል ሳትቀንስ።

አሁን ስማኝ። እኛ ጋ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። በሁለቱም አፍንጫው ትንሽ ትንሽ እናንጠባጥብለታለን፣ ያስነጥሳል፣ ይራገማል፣ ከዚያ ዓይኑ ይለሰልሳል። ፋሻው ሲላቀቅ እየሳቀ የሚያየን አለ። ሲነቃም ምንም አያስታውስም። አንድ ሰው ብቻ፣ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው፣ ከራስጌው ሳይነሳ ትንፋሹን ይጠብቃል። ይህን እንዳትረሳ፣ ሰብሪ። መድኃኒቱ ደግ ነው፣ ግን ትንፋሽ ይወስዳል።

ሁለቱን ሳጥን ለአውቶቡሱ ሹፌር ለመትወሊ ሰጥቼዋለሁ። ቁምሣጥኑ ሲቆጠር ምን እንደምል አላህ ይወቅልኝ። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዲያብን ጠብታ ከሚወስዱት ልጆች ጋር አድርገው።

ኢንሳፍ

ነጅዕ ሸራቂ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1997

ለክብርት የአጎቴ ልጅ

የዒድ በረከት አይለይሽ። ሳጥኖቹ አንድ ብልቃጥ ሳይሰበር ደርሰውኛል፤ መትወሊ እንደ ሙሽራ አቅፎ ነው ያመጣቸው። ምርቃቴ ካንቺ ጋር ይሁን።

ማክሰኞ የቃጠሎ ልጆች ቀን ነው። ብታዪው ትስቂ ነበር። ኮሪደሩ በእናትና በአያት ይሞላል፣ አንዷ ዳቦ ትቆርሳለች፣ አንዷ ሌላዋን ቦታዬን ያዝሽ ብላ ትሰድባለች። ሽሮፕ የሚወስዱት ልጆች ግማሹን ጋውኔ ላይ ይተፉታል። ሚስቴ ነጭ ጋውን ገዛሁልህ ብትል ሐኪም ሳይሆን ቀለም ቀቢ መስዬ ነው የምገባው። ጠብታ የሚወስዱት ግን የተባረኩ ናቸው፤ በዚህ ማክሰኞ አንዲት ልጅ ክንዷ እየታጠበ የሠርግ ዘፈን ዘፈነችልን።

ፕሮፌሰሬ አንድ ሐሳብ ጨመረ። «ሁለቱን እርስ በርስ ማወዳደር የሰነፍ ሥራ ነው። ምንም ያልወሰደ ልጅ ከሌለ መድኃኒቱ ምን እንደሠራ በምን ታውቃለህ?» አለኝ። ስለዚህ ሦስተኛ ክፍል አለ፤ እነሱ የማንጎ ጭማቂ ይጠጣሉ። ማን በየትኛው እንደሚሆን የምመርጠው እኔ አይደለሁም። ባለ ሦስት ቀለም የጠርሙስ ክዳን ከረጢት ውስጥ አለ፣ ልጁ ራሱ እጁን ከትቶ ያወጣል፣ ያወጣው እስከ መጨረሻው ይጸናል። ዲያብ ቢጫ አወጣ። ቢጫ ደስ ይለዋል መሰለኝ፣ ሳቀ።

ቁስሉ እየደረቀ ነው። ሳጥኖቹ ግን ባሰብኩት ፍጥነት አይደለም የሚያልቁት፣ ይፈጥናሉ። አራት ብታደርጊልኝ እስከ ሜይ አላስቸግርሽም።

ሰብሪ

ኩዌት፣ ማርች 8 ቀን 1997

ለዶክተር ሰብሪ

ሰላም ላንተ ይሁን።

ቢጫ ምንድን ነው?

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ስልክ ደውዬ ኸለፍን አገኘሁት። «ልጁ እንዴት ነው?» አልኩት። «ደህና ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ያስቸግራል። ከምድጃው ጀርባ ይገባል፤ በደህናው እግሩ ጎትተን እናወጣዋለን» አለኝ። «አንዷን ነርስም ነክሷታል፣ የአባቱ ልጅ ነው!» ብሎ ሳቀ። ሳቀ፣ ሰብሪ። እኔ የስልኩን ሽቦ ይዤ ቆሜያለሁ።

ጠብታ የወሰደ ልጅ ከምድጃ ጀርባ አይደበቅም። የሚያስታውሰው ነገር የለማ። ሽሮፕ የወሰደም ቢሆን በሚቀጥለው ሳምንት እንዲህ አይሆንም። አሥር ዓመት የሰው ልጅ ሳስተኛ ኖሬያለሁ፣ በቀለም አትሸውደኝ። በመትወሊ በኩል ሦስት ሳጥን ልኬያለሁ። አራተኛውን የያዝኩት መልስህን እስካገኝ ነው። በአንድ ቃል መልስልኝ።

ሌላም ሰምቻለሁ። ማታ ማታ በግል ክሊኒክህ ግርዛት ላይ ሕፃናቱ አያለቅሱም አሉ፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ሰብሪ እጁ ቅቤ ነው ይላል። ቅቤው ከማን ቁምሣጥን እንደወጣ እኔ አውቃለሁ።

ኢንሳፍ

ነጅዕ ሸራቂ፣ ማርች 27 ቀን 1997

ለኢንሳፍ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። በአንድ ቃል ብለሻል፤ ጭማቂ።

አሁን ጮኸሽ እንደሆነ ተቀመጪና አንብቢ። እጣ ነው። አንድ ዘመዴን ከቢጫ ወደ ቀይ ባዛውር በሚቀጥለው ማክሰኞ ኮሪደሩ በሙሉ የአጎት ልጅ ይሆንብኛል። ከዚያ ደግሞ ፕሮፌሰሬ ባወቀ ቀን የሁለት ዓመት ልፋቴን ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። ጥናት ፊት አያይም። የሚያለቅስ ከሌለ የተኛው መተኛቱ በምን ይታወቃል? አንድ ልጅ ማልቀስ ነበረበት፣ ያንቺ ሆነ። የሌላ ሴት ልጅ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ትጽፊልኝ ነበር?

የኛ ሰው የአጎት ልጅ ሙሽሪትን ከፈረስ ላይ ያወርዳል ይላል። አንቺን ማግባት መብቴ ነበር። አንቺ ሐምዳንን መረጥሽ፣ እኔም ከፈረስ አላወረድኩሽም፤ ሠርግሽ ላይ ተቀምጬ ሩዝ በላሁ። ቀጥሎ ኩዌትን መረጥሽ፣ ማንም አልከለከለሽም። አሁን ደግሞ ክዳን መምረጥ አማረሽ? የመረጥሽውን ሁሉ ውጤቱን አይተነዋል።

ደግሞም ነገሩ እንደምታስቢው አይደለም። መጀመሪያ ላይ አልዋሽሽም፣ አራት ሰው ነበር የሚይዘው። አማትሽ ሐጃ ወሂባ በሩን እየደበደበች «ዶክተር፣ ይህ ጭማቂህ ምንድን ነው? ልጁ እኮ እንደሚታረድ በግ ነው የሚጮኸው!» ትለኝ ነበር። «ሐጃ፣ ይህ ሳይንስ ነው» እላታለሁ። «ሳይንስህን ድመት ይብላው!» ትለኛለች። አሁን ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ጠቡን ትታለች። በፎጣ ጠቅልላ ታመጣዋለች፣ ጭማቂውን ይጠጣል፣ ፋሻውን ስንልጠው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዝም ይላል። እሱ ብቻ አይደለም፣ ሌሎቹም የቢጫ ልጆች እንዲሁ ሆነዋል። አያቶቻቸው ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ፣ ስንቀርብ ዝም ይላሉ። ፕሮፌሰሬ «ማንጎ ሚዳዞላምን ሊያሸንፈው ነው» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንግዲህ ልጅሽ ለመደው፣ አንቺም ልመጂው።

አራተኛውን ሳጥን አትያዢው። ጠብታው ካለቀ የቀይ ክዳን ልጆችም በአራት ሰው ይያዛሉ፤ ያ ኃጢአት ያንቺ ነው።

ሰብሪ

ኩዌት፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1997

ሰብሪ

ሰላም እልሃለሁ፣ ከወግ አልፎ ከልቤ አይደለም።

ጭማቂ ልጅ አያስተኛም። ይህን የማያውቅ ሐኪም ወይ ደንቆሮ ነው ወይ ውሸታም። ዲያብ ዝም ያለው ለምዶ አይደለም፣ ተስፋ ቆርጦ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች አይቻለሁ። ጮኸው ጮኸው ማንም እንደማይመጣ ሲገባቸው ጣሪያ ያያሉ። ከሚጮኸው ይልቅ እኔ የምፈራው እነሱን ነው። አንተ ግን ዝምታውን ቆጥረህ ጽሑፍህ ላይ አስገባኸው።

ስለ ሐምዳን የጻፍከውን አነበብኩ። አዎ፣ መርጬዋለሁ። ዛሬም ከመቃብሩና ካንተ አንዱን ምረጪ ቢሉኝ መቃብሩን እመርጣለሁ። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት መጠበቅ አልነበረብህም፣ ብትጠይቀኝ ያኔውኑ እነግርህ ነበር።

እንግዲህ የምልህ ይህ ነው። በመትወሊ እጅ አራተኛውን ሳጥን ልኬያለሁ። ክዳኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የልጄን ስም ጽፌበታለሁ። ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ በኋላ በሚመጣው ማክሰኞ ዲያብ ከዚያ ሳጥን ይወስዳል። ኸለፍ አሥራ ስምንት ኪሎ ነው ብሎኛል፤ መጠኑን ሳጥኑ ውስጥ በወረቀት ጽፌልሃለሁ፣ እንዳትቀንስበት። ትንሽ ሰጥተህ «ይኸው፣ አልሠራም» እንድትለኝ አልፈልግም። ይህን ካላደረግክ ለፕሮፌሰርህ እጽፋለሁ። መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ፣ ማታ ማታ ማንን እንደሚያስተኛ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። እኔ ከሥራ እባረራለሁ፣ አንተም ዕድሜ ልክህን የሌሊት ተረኛ ትሆናለህ። አታደርጊውም እንዳትለኝ።

ልጄ አንድ ማክሰኞ እንኳ ይተኛልኝ።

ኢንሳፍ

ነጅዕ ሸራቂ፣ ሜይ 5 ቀን 1997

ለአጎቴ ልጅ ለኢንሳፍ

አላህ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ኸለፍ ስልክ እንደደወለልሽ ሰምቻለሁ። ምን እንዳለሽ አላውቅም፤ የሆነውን ግን ከኔ ስሚው።

ያልሽውን አደረግኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሐጃ ወሂባ እንደ ወትሮዋ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችው። እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎታል፤ በጠዋት ስለተነሳ ነው ብዬ አለፍኩት። «ዛሬ ከእናቱ የመጣ መድኃኒት ነው የሚወስደው» አልኳት። ደስ አላት፣ መረቀችሽ። ከሳጥኑ አውጥቼ የጻፍሽውን ያህል፣ ሳልቀንስ፣ በሁለቱም አፍንጫው አንጠባጠብኩለት። አላስነጠሰም። ነርሷ ራስጌው ነበረች፣ ወዲያው ግን ከጎን አልጋ አንድ ልጅ ሊወድቅ ሲል እሱን ለመያዝ ሄደች። እኔ እግሩ ጋ ጎንበስ ብዬ ፋሻውን እየፈታሁ ነበር። ቁስሉ በጣም ጥሩ ነበር፣ ኢንሳፍ፣ ሊድን ሁለት ማክሰኞ አይቀረውም ነበር። ቀና ስል ከንፈሩ ጠቁሯል። ያለኝን ሁሉ አደረግኩ፣ በአፌ ተነፈስኩለት፣ ደረቱን ተጫንኩት፣ ትልልቆቹንም ሐኪሞች ጠራሁ። አልተመለሰም።

ሐኪሞቹ ወጥተው ብቻዬን ሳለሁ ሐጃ ወሂባ በሩን ገፍታ ገባች። «ምነው እንቅልፉ በዛ? እኔ እኮ እንደ ሁልጊዜው ነው የሰጠሁት» አለች።

«ምኑን ሐጃ?»

«አቡ ነውሙን ነዋ! አንተ በጭማቂ ስታሠቃየው ምን ላድርግ? ጠዋት ጠዋት ቀቅዬ፣ ስኳር አድርጌ አጠጣዋለሁ። ለነዚያም ሴቶች ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።»

አቡ ነውም ስትል ያ ከቅመም ሻጭ የሚገዛው የአበባ ደረቅ ራስ ነው፣ ኦፒየም የሚወጣበት። አንቺንም እኔንም እየቀቀሉ አጠጥተውን አድገናል። ማንጎዬ የሠራው ለካ በዚያ ነው። በላዩ ላይ ያንቺ ጠብታ ተጨመረ። ይህን የሰማነው እኔና አላህ ብቻ ነን፤ እሷም ቢሆን ነገሩን አላገናኘችውም። ስንት ልጅ በዚያ አሳድጋ ምን ብላ ታገናኘዋለች? ልጁን የገደለው ከኩዌት የመጣው መድኃኒት ነው ብላ አምናለች።

ዲያብን ከጥናቱ አውጥቼዋለሁ፤ ሁለት ነገር የወሰደ ልጅ አይቆጠርም። የሌሎቹን አያቶች ግን አልጠየቅኩም። ጥያቄ ጥያቄን ይወልዳል፣ ጥናቱ ደግሞ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው።

አሁን የጨነቀኝን ልንገርሽ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ስንመለስ ከኸለፍ ደጅ አንድ ወንበር አልተዘረጋም፣ ቁርኣን የሚቀራ አልተጠራም። ለቅሶ አልተቀበሉም። ለቅሶ ያልተቀበለ ቤተሰብ ደሙን እስኪመልስ እንደሚጠብቅ ላንቺ አልነግርሽም። ኸለፍ ኮሌታዬን ይዞ «ጠብታውን የላከችው እሷ ናት፣ ያንጠባጠበው ግን ያንተ እጅ ነው» ብሎኛል።

ስለዚህ ጻፊላቸው። ወይ አማትሽ ያጠጣችውን ንገሪያቸው፤ እኔ ብናገር «ዶክተሩ ከአሮጊት ቀሚስ ጀርባ ተደበቀ» ነው የሚሉኝ። ወይ ደግሞ መጠኑን ያዘዝሽው አንቺ እንደሆንሽ ጻፊ። አንቺ ሩቅ ነሽ፣ አይደርሱብሽም። ስለ ቢጫው ክዳን ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።

ሰብሪ

ነጅዕ ሸራቂ፣ ሜይ 27 ቀን 1997

ለተከበርሽው እህቴ ለኢንሳፍ

ሰላም፣ ጤናና መጽናናት ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤዬ ደርሶሽ እንደሆነ አላወቅኩም። ፖስታ ቤቱ ሊሆን ይችላል። መትወሊን ጠየቅኩት፣ «አይቻታለሁ፣ ደህና ናት፣ የሰጠችኝ ነገር የለም» አለኝ።

ኸለፍና የአክስቱ ልጅ ከክሊኒኬ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ይውላሉ። ምንም አይሉኝም። ሻይ ያዛሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያዩኛል። ሰው ልጁን ሊያስገርዝ መምጣት አቁሟል። ሚስቴ ልጆቹን ይዛ አባቷ ዘንድ ሄዳለች።

ሁለት መስመር ብቻ ጻፊልኝ። በአባቶቻችን ወንድማማችነት ይዤሻለሁ።

ሰብሪ

ነጅዕ ሸራቂ፣ ጁን 20 ቀን 1997

ኢንሳፍ፣ እባክሽ

ጽሑፌን አቀረብኩ። በከፍተኛ ማዕረግ አለፍኩ፤ ከአዳራሹ ስወጣ እጄን የጨበጠኝ አንድ ሰው አልነበረም። ትላንት ከመስጊድ ስመለስ ኸለፍ ጎን ለጎን ሄደ፣ እስከ ደጄ ድረስ፣ ቃል ሳይናገር። በሩ ላይ ስደርስ «ደህና እደር ዶክተር» አለኝ።

እንቅልፍ አጥቻለሁ። ካንተ ሳጥን ለራስህ ውሰድ ብለሽ እንዳትስቂብኝ፣ ወስጃለሁ። አፍንጫዬ ውስጥ አንጠባጥቤ ጋደም እላለሁ፣ ልክ ዓይኔ ሲከደን ማን ትንፋሼን ይጠብቃል እላለሁና ብድግ እላለሁ። የፈለግሽውን ስደቢኝ። ስለ ሐምዳን የጻፍኩትንም ይቅር በዪኝ። ብቻ ጻፊላቸው።

ሰብሪ

ኩዌት፣ ጁላይ 25 ቀን 1997

ሰብሪ

ሰላምታ የለኝም።

ሦስቱም ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶኛል። ፖስታ ቤቱን አትማው፣ መትወሊንም አትማው። ዝም ያልኩህ ሆን ብዬ ነው። ልጄ ምንም ሳይሰጡት ተይዞ ሲጮህ የሰማው ሐኪም ምንም ሳይሰጡት ይቆይ ብዬ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤህ ሲመጣ ደስ አለኝ፣ ሦስተኛው ሲመጣ ይበልጥ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ክፉ ልብ እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ አንተ አሳወቅከኝ። ኸለፍን በስልክ ጠርቼ ቢጫ ክዳን ማለት ምን እንደሆነ አንድ ቃል ብነግረው ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ሰው አይኖርም ነበር። ብዙ ቀን ስልኩ ዘንድ ሄጄ ተመልሻለሁ።

እጣው እጣ ነበር ወይስ ያንተ እጅ ብዬ አልጠይቅህም። መልሱን ባገኘው ምን አደርገዋለሁ?

የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። አሥር ዓመት ልጅ ሳስተኛ ኖሬ፣ ልጄ ዝም አለ ብለህ ስትጽፍልኝ «ተስፋ ቆርጦ ነው» ብዬ መለስኩልህ። ምን በልቶ ይሆን፣ ምን ጠጥቶ ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም። እኔም እኮ በአቡ ነውም ነው ያደግኩት። አንተም ጭማቂው ሠራ ብለህ ቆጠርከው። አንተ ማዕረግህን ታይ ነበር፣ እኔ አንተን ማሸነፌን። ሐጃ ወሂባ ብቻ ናቸው የልጁን ጩኸት መስማት ያቃታቸው። እኛ የምናውቀውን አላወቁም፣ ያወቁትን ግን ለልጁ ብለው አደረጉ።

ስለዚህ ሐጃ ወሂባ አቡ ነውም አጠጥተው ልጃቸውን እንደገደሉ ከኔ አይሰሙም። ካንተም ከሰሙ፣ መቼም ይሁን መቼ፣ የቢጫውን ነገር ኸለፍ በማግስቱ ይሰማል። ይህን እንደ መሐላ ያዘው።

ለኸለፍ ጽፌለታለሁ፤ መትወሊ ይህንንም ያንንም ባንድ ቀን ያደርሳል። መድኃኒቱ የኔ ነው፣ ከአሠሪዎቼ የሰረቅኩት ነው፣ መጠኑንም ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተሩ አይሆንም ሲል አስፈራርቼ አስገደድኩት ብያለሁ። የልጄ ደም በኔ ላይ ነው፣ ለቅሶውን ተቀበሉ፣ የኔን ለቅሶ ግን አትቀበሉ ብያለሁ። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። አንዲት አሮጊት የቀረቻቸውን ዕድሜ እጃቸውን እያዩ እንዳይኖሩ ነው። ከእንግዲህ ነጅዕ ሸራቂ አገሬ አይደለም፣ የልጄንም መቃብር አላየውም።

አንተ ግን ታየዋለህ። ኸለፍ ደብዳቤዬን ባነበበ ሳምንት ደጁ ላይ ወንበር ይደረደራል፣ ቁርኣን ይቀራል። ሄደህ ከፊት ትቀመጣለህ፤ ካልሄድክ ምን ፈርቶ ነው ይላሉ። ሰው ሲበተን ሐጃ ወሂባ ወደ ውስጥ ያስጠሩሃል። እጅህን በሁለት እጃቸው ይይዙና «አንተማ ልጄን ልታድንልኝ ለፋህልኝ፣ በከንቱ ጠረጠርንህ» ይሉሃል። ልጁ በምን እንደሞተ አንተ ታውቃለህ፣ እሳቸው አያውቁም። ዓይናቸውን እያየህ ምርቃቱን ትቀበላለህ። በየመንገዱ፣ በየሰርጉ፣ ባገኙህ ቁጥር እንዲሁ ይመርቁሃል።

ከዚያ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እኔን ይረግሙኛል። አንተ አሚን በል።

ኢንሳፍ